ለግቢ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት የትኛው ደስት ኮሌክተር (የብናኝ መሳቢያ ማሽን) ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ባለች 4 በ5 ሜትር ሰርቪስ ቤት፣ ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ ቁም ሳጥን፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ እሠራለሁ። ባለ 10 ኢንች የጠረጴዛ መጋዝ፣ መለስተኛ መላጊያ ማሽን፣ በማዕዘን የሚቆርጥ ማይተር መጋዝና በእጅ የሚያዝ ማለስለሻ አለኝ። ዋንዛም ኤምዲኤፍም (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) እጠቀማለሁ። ብናኙ አስቸግሮኛል፤ ማታ ስናፈጥ ቡናማ ነው የሚወጣው። መብራታችን 220 ሲንግል ፌዝ ነው። ገበያ ላይ ባለ 1 እና ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ደስት ኮሌክተር አይቻለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ እኔ ልላክልህ ይላል። ወይስ ትልቅ ቫኪዩም ይበቃኛል? የትኛውን ልግዛ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልህ። አንተ ላለህ ቤትና ማሽን፣ እዚሁ የሚሸጥ፣ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ የሚሠራ፣ እውነተኛ 2 ፈረስ ጉልበት ያለው ደስት ኮሌክተር ግዛ። ግን ቤቱ ውስጥ አታቁመው። ግድግዳውን በስተህ ውጭ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ አቁመው። ለማለስለሻዋ ለብቻዋ ቫኪዩም ያስፈልጋታል። ከሁለቱም በፊት ግን ደህና የአፍና አፍንጫ ጭምብል ግዛ። ወንድምህ ማሽኑን አይላክ፤ ምን ቢልክልህ እንደሚጠቅም ወደ ታች እነግርሃለሁ።

አሁን ምክንያቱን ላስረዳህ። ምክንያቱ ከገባህ ሻጭ የሚነግርህን ሁሉ ራስህ ትመዝነዋለህ።

ስትናፈጥ የምታየው ቡናማ ነገር አፍንጫህ ያስቀረው ትልልቁ ብናኝ ነው። መሬት ላይ የሚከመረው ሰጋቱራም ያስጠላል እንጂ ሳንባ ውስጥ አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ የማታየው ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ብናኝ ደግሞ አፍንጫና ጉሮሮን አልፎ ወደ ሳንባ መውረድ ይችላል። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ዛሬ ማታ ሞክረው። ጥቂት እንጨት ሰንጥቅና ማሽኑን አጥፋ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቅ። ከዚያ የቤቱን መብራት አጥፍተህ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክህን መብራት ወደ ጎን አብራ። ጨረሩ ውስጥ የሚዋኘውን ታየዋለህ። ሥራ አለቀ ብለህ ጭምብልህን አውልቀህ መጥረግ ስትጀምር የምትተነፍሰው እሱን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከተባሉት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በተለይ የሚያያዘው ከአፍንጫና በዙሪያው ካሉ ክፍተቶች ካንሰር ጋር ነው። ይህ በብዛት የታየው ለረጅም ዓመታት በሙያው በቆዩ ሰዎች ላይ ስለሆነ እንዳትደነግጥ። ግን የቤት ሥራ ነው ብለህም አትናቀው። የአውሮፓ ኅብረት ለሠራተኞች ያስቀመጠው የጠንካራ እንጨት ብናኝ ጣሪያ፣ በ8 ሰዓት አማካይ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 2 ሚሊግራም ነው። ይህን ወደ አንተ ቤት እናምጣው። 4 በ5፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል ቢሆን 50 ሜትር ኩብ አየር አለህ። ስለዚህ ቤቱን ከዚያ ጣሪያ ላይ ለማድረስ 100 ሚሊግራም፣ ማለትም የግራም አንድ አሥረኛ፣ አየር ላይ ቢንሳፈፍ ይበቃል። በሁለት ጣት ከሚቆነጠረው ያነሰ ነው። አንድ ጣውላ ስትሰነጥቅ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወጣል።

ኤምዲኤፍ ሲሆን የባሰ ነው። ብናኙ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ማጣበቂያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል አለበት። ኤምዲኤፍ ስትቆርጥ ዓይንህንና ጉሮሮህን የሚቆጠቁጥህ ከሆነ፣ ያለ መሳቢያና ያለ ጭምብል መሥራት የለብህም።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። ቫኪዩምና ደስት ኮሌክተር ሁለቱም ይስባሉ፤ አሳሳባቸው ግን ይለያያል። ቫኪዩም በጣም ብርቱ መምጠጥ አለው፤ የሚወስደው አየር ግን ትንሽ ነው፣ በሰዓት ወደ 200 ሜትር ኩብ ገደማ። ስለዚህ በቀጭን ቱቦ ለሚሠራ ነገር ተፈጥሯል፦ ለማለስለሻ፣ ለራውተር (የእንጨት ጠርዝ መቅረጫ)፣ ለእጅ መጋዝ። ደስት ኮሌክተር መምጠጡ ለስላሳ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው አየር ግን ብዙ ነው። በደንብ የተገጠመ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት በሰዓት 1000 ሜትር ኩብና ከዚያም በላይ ይወስዳል። የጠረጴዛ መጋዝና መላጊያ የሚፈልጉት ይህንን ነው። ምላጩ ብናኙን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ለመያዝ በዙሪያው ያለው አየር በሙሉ ወደ ቱቦው መጉረፍ አለበት። ቫኪዩም ይህን አይችልም፤ የመላጊያውን ፍቅፋቂ ብትሰጠው ደግሞ ወዲያው ይሞላል ወይም ቱቦው ይታነቃል። ደስት ኮሌክተሩን በማለስለሻዋ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ብትሰካው በተቃራኒው ይታፈናል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

«ትልቅ ቫኪዩም ይበቃኛል?» ላልከው መልሱ ይኸው ነው፦ ለማለስለሻዋ አዎ፣ ለሌሎቹ አይበቃም። ገንዘቡ በአንዴ ካልሞላልህ ግን ቫኪዩሙን አስቀድም። ማለስለሻ በጣም የደቀቀውን ብናኝ የምታወጣ ናት፤ ቫኪዩሙ ደግሞ ከሷ የሚወጣውን አብዛኛውን ከምንጩ ይይዘዋል። ፊልተሩ ቶሎ እንዳይደፈን በመካከል ትንሽ የፕላስቲክ ሳይክሎን፣ ማለትም አየሩን አሽከርክሮ ብናኙን ወደ ታች የሚጥል ቀፎ፣ በቀለም ባልዲ ክዳን ላይ ግጠምበት። ብናኙ ባልዲው ውስጥ ይቀራል፤ ቫኪዩሙ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ባልዲው ወፍራም ይሁን፤ ስስ ከሆነ ቱቦው ሲታፈን ይጨማደዳል።

ባለ 1 ወይስ ባለ 2? ባለ 1 ፈረስ ጉልበቱ ለአንድ ማሽን፣ ከጎኑ ቆሞ፣ በአጭር ቱቦ ይሠራል። አንተ ግን ግድግዳ ልትበሳና ቱቦ ልትዘረጋ ነው። ስለዚህ ባለ 2። ይሁንና ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመን። የአየር መጠኑ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ያለ ቱቦና ያለ ከረጢት ነው፤ ቱቦ ሲገጠም ግማሹ ሊጠፋ ይችላል። ሁለት ነገር ራስህ ተመልከት። አንደኛ፣ ሞተሩ ላይ ያለችውን ታርጋ አንብብ። እውነተኛ 2 ፈረስ ጉልበት 1.5 ኪሎዋት ነው፤ በ220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ወደ 9 ወይም 10 አምፒር ይስባል። ታርጋው 2 ፈረስ ጉልበት ብሎ 5 አምፒር ካለ፣ ያ ሞተር ከመስመሩ የሚወስደው በሙሉ 1.1 ኪሎዋት ነው። 2 ፈረስ ጉልበት ከየትም ሊያመጣ አይችልም። ሁለተኛ፣ የፋኑን ስፋት ጠይቅ፤ ከተቻለም ክዳኑን አስከፍተህ በሜትር ለካ። ለ2 ፈረስ ጉልበት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። 23 ወይም 24 ከሆነ የባለ 1ን ፋን ነው የገጠሙበት። ሞተሩን በእጅህ አሽከርክረውም፤ ኩሽኔታው የሚጮህ ወይም ፋኑ መሸፈኛውን የሚነካ ከሆነ ተወው።

የአዲስ አበባ ከፍታም ይቆጠራል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ተመሳሳይ መጠን ያለው አየር ያንቀሳቅሳል፤ አየሩ ግን ቀላል ስለሆነ መሳቡም ፍቅፋቂ የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል። ባለ 1ን እንድታልፈው የምመክርህ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የወንድምህን ነገር እንይ። አሳቡ የሚያስመሰግን ነው፤ ግን የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ብቻ አይደለም፣ 60 ኸርዝም ነው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የእኛ 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይርልሃል፤ ኸርዙን አይነካውም። የደስት ኮሌክተር ሞተር ፍጥነቱ በኸርዙ የሚወሰን ዓይነት ስለሆነ እዚህ ሲመጣ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይወርዳል። አየሩ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ መሳቡ ደግሞ በ30 ከመቶ ገደማ ይወድቃል። በዚያ ላይ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይግላል። ለማጓጓዣና ለቀረጥ ከፍለህ ደካማና የሚቃጠል ማሽን ትቀበላለህ ማለት ነው። ቫኪዩም ቢሆን ኖሮ ችግር የለም፤ ካርቦን ያለው ሞተር ለኸርዝ ግድ የለውም፣ አቅሙን የሚችል ትራንስፎርመር ይበቃዋል። ወንድምህ ቀላልና ጠቃሚ ነገር ይላክልህ፦ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ ማጣሪያው የሚቀየር የጎማ ጭምብል፤ ከነመለዋወጫ ማጣሪያው። ከተቻለም ለደስት ኮሌክተርህ አፍ ልክ የሆነ ባለ 1 ማይክሮን ከረጢት። ልኩን አስቀድመህ በሴንቲ ሜትር ላክለት።

ውጭ አቁመው ያልኩህ ለምንድን ነው? በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የምቆረቆርለት ነጥብ ይህ ነው። ርካሹ ደስት ኮሌክተር አብሮት የሚመጣው ከረጢት ብዙ ጊዜ 30 ማይክሮን ነው። ማሽኑን ቤት ውስጥ ካቆምከው ያ ከረጢት ልክ እንደ ወንፊት ትልቁን ያስቀርና ድቃቂውን ይነፋል። ወለልህ ይጸዳል፤ አየርህ ግን ከበፊቱ ይበላሻል። ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው፤ ቤቱ ንጹሕ ስለሚመስል ጭምብሉን ያወልቃል። ብርድ ባለባቸው አገሮች ሰዉ የሞቀውን አየር ወደ ውጭ ላለማስወጣት ሲል ውድ ፊልተር ገዝቶ አየሩን ወደ ቤት ይመልሳል። እኛ ክረምት ከበጋ ቤት አናሞቅም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። አየሩን ወደ ውጭ ማስወጣት ለእኛ ምንም አያስከፍለንም።

ሒሳቡን ተመልከት። ማሽኑ በሰዓት 1000 ሜትር ኩብ ካስወጣ፣ ያንተ ባለ 50 ሜትር ኩብ ቤት አየር በየ3 ደቂቃው ይቀየራል ማለት ነው። ከቱቦው ያመለጠው ድቃቂ ብናኝ እንኳ አብሮ እየተጠረገ ይወጣል። ለዚህ ግን የሚወጣው አየር ልክ የሚገባ አየር ያስፈልጋል። ከማሽኑ በተቃራኒ በኩል ያለውን መስኮት ወይም በር ክፈት። ዘግተህ ከሠራህ መሳቢያው ይታፈናል። ሰርቪስ ቤቱ ከማድ ቤት ጋር በር የሚጋራ ከሆነ ደግሞ ያንን በር ግጥም አድርገህ ዝጋ፤ አለበለዚያ የከሰሉን ጭስ ወደ አንተ ይስበዋል።

ውጭ ስታቆመው ላሜራ ጣሪያና ሦስት ጎን መከለያ ሥራለት። ከረጢቱ ከረጠበ ይደፈናል፤ ሞተሩም ውሃ አይወድም። አየር መውጫ ግን አትንፈገው። ጎረቤትንም አስብ። የጎረቤትህ ልብስ የሚሰጣበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ወይም የእናንተ የመኝታ ቤት መስኮት ያለበት አቅጣጫ አይሁን። ውጭ ነው ብለህ ከረጢቱን አታውልቀው፤ ይልቅ ጥቅጥቅ ባለ ከረጢት ለውጠው። አንዳንድ ሰው በአቡጀዲ ያሰፋል። አቡጀዲ ፍቅፋቂ ይይዛል፤ ድቃቂውን አይይዝም። ወፍራም የፖሊስተር ፌልት ይሻላል፤ ከረጢቱም ሰፋ ቢል አየር በቀላሉ ያልፍበታል። ድምፁም አለ፤ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሳያልቅ ባታስነሳው ከጎረቤት ጋር በሰላም ትኖራለህ።

ምናልባት ኪራይ ሆኖ ግድግዳ መብሳት የማይቻል ከሆነ፣ ማሽኑ ቤት ውስጥ ይቁም። ያኔ ግን 1 ማይክሮን ወይም ከዚያ የረቀቀ ፊልተር ግዴታ ነው። ሻጩን ‹1 ማይክሮኑን ስንት ከመቶ ይይዛል?› ብለህ ጠይቀው፤ መልስ ከሌለው ቁጥሩ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ቱቦው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥሩ ማሽን ይገዛና በቀጭን ሽብሽብ ጎማ ቱቦ ያንቀዋል። ፍቅፋቂ ቱቦው ውስጥ ሳይወድቅ እንዲሄድ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ መፍጠን አለበት። በዚያ ፍጥነት ባለ 100 ሚሊ ቱቦ በሰዓት 565 ሜትር ኩብ ያህል ያሳልፋል፤ ባለ 150 ሚሊው 1270። ስለዚህ ዋናውን መስመር በ160 ሚሊ ፒቪሲ ዘርጋው፤ ወደ ማሽኖቹ የሚሄዱትን ቅርንጫፎች ለፍሳሽ በምንጠቀምበት በ110 ሥራቸው። ሽብሽቡን ጎማ መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ከአንድ ሜትር ሳይበልጥ ተጠቀምበት፤ በፋሸታ አጥብቀው። በ90 ዲግሪ ክርን ፈንታ ሁለት 45 ዲግሪ አገናኝ። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ተንሸራታች መዝጊያ ከኮምፔርሳቶ መሥራት ትችላለህ፤ አንተ የእንጨት ሰው ነህ። ሁልጊዜ አንድ ማሽን ብቻ ክፍት ይሁን። ፒቪሲው በስታቲክ (በሰበቃ በሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) አንዳንዴ ቆንጠጥ ሊያደርግህ ይችላል። እንዲህ ባለ ትንሽ ቤት ዋናው የእሳት ስጋት ግን እሱ ሳይሆን ብረት ነው።

ይህን ልብ በል። ብዙዎቻችን ከግንባታ የተረፈ ጣውላ እንጠቀማለን። ምስማር አለበት። በርካሽ ደስት ኮሌክተር የተሳበው ሁሉ በፋኑ መካከል ያልፋል። ምስማር ፋኑን ሲመታ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብልጭታው የሚያርፈው ሰጋቱራ የሞላ ከረጢት ውስጥ ነው። ስለዚህ በማግኔት ወይም በብረት መፈለጊያ ሳትፈትሽ አትሰንጥቅ፤ ደስት ኮሌክተሩን ወለል መጥረጊያ አድርገህም አትጠቀምበት። በመስመሩ ላይ ከማሽኑ በፊት በርሜል ከነሳይክሎን ክዳኑ ብትጨምር ምስማሩም ፍቅፋቂውም በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ጥቂት አየር ያስከፍልሃል፤ ግን ያዋጣል። ብየዳ እዚያው ቤት የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ብናኝ መሳቢያው በዚያ ሰዓት ይጥፋ።

መጋዙን ከታች ብቻ አትሳበው። ሳጥኑ ሥር ያሉትን ክፍተቶች በኮምፔርሳቶ ዝጋቸውና መሳቢያውን እዚያ አገናኝ፤ በላይ በኩል ደግሞ ከምላጩ መሸፈኛ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ጨምር። ወደ ፊትህ የሚረጨው ከላይ ያለው ነውና። ማይተር መጋዝ ከሁሉ አስቸጋሪ ነው። የራሱ ትንሽ ቀዳዳ ብዙ አይረዳም። ከኋላው በሦስት በኩል የተከለለ ሳጥን ሥራና ቱቦውን ከሳጥኑ ጀርባ አስገባ። መላጊያው ቀላሉ ነው፤ ኮፈኑ ላይ ሰክተህ ትሠራለህ፣ ከረጢቱ ግን ቶሎ ይሞላልና ግማሽ ሲደርስ አራግፍ።

መብራቱን በተመለከተ፣ መጋዙና መሳቢያው አብረው ሲሠሩ ወደ 20 አምፒር ሊደርሱ ይችላሉ። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል። ለመሳቢያው ከብሬከር ሳጥኑ ራሱን የቻለ ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ በኤሌክትሪሻን አስዘርጋ። ቀጭን ኤክስቴንሽን አትጠቀም። መጀመሪያ መሳቢያውን አስነሳ፤ ፍጥነቱን ሲይዝ መጋዙን። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ ቤት ውስጥ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አትሥራ። ቮልቴጅ ወርዶ ሞተሩ እያጓራ መነሳት ካቃተው ወዲያው አጥፋው፤ የብዙ ሞተር መቃጠያ ያ ነው።

ጭምብሉን አስቀድም ያልኩህ መሳቢያው ሁሉንም ስለማይይዝ ነው። ነጠላ ወይም ሻርፕ ማሰር ድቃቂውን አያስቀርም። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የተባለው የጭምብል ደረጃ ዝቅተኛው ነው፤ ለኤምዲኤፍ የጎማው ከነማጣሪያው ይሻላል። ጢም ካለህ በጠርዙ አየር ያስገባል፤ በሥራ ቀን መላጨቱ ይረዳል። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም መሳቢያውን ሩብ ሰዓት ያህል አቆየው፤ ጭምብሉን ከዚያ በኋላ አውልቅ። ስትጠርግ በደረቁ አትጥረግ፤ ከማሽኖቹ ራቅ ብለህ ውሃ ርጭት አድርግ ወይም በቫኪዩም ሳበው። በኮምፕረሰር መንፋት የወደቀውን ሁሉ መልሶ አየር ላይ ያወጣዋል።

የተጠራቀመውን የንጹሕ እንጨት ሰጋቱራ ለሰጋቱራ ምድጃ ወይም ለዶሮ ቤት ጉዝጓዝ የሚወስድ አታጣም። የኤምዲኤፍንና የችፑድን ብናኝ ግን ለብቻው አጠራቅም። አታንድደው፣ ለዶሮም አትስጥ፤ በጆንያ አስረህ ከቆሻሻ ጋር አስወግደው። በቫርኒሽ ወይም በዘይት የተነከረ ጨርቅም ከሰጋቱራ ጋር አታስቀምጥ፤ ተጠቅልሎ ሲቆይ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

የቤቱን ሥዕል በወረቀት ሳለው፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ ማሽኖቹ የቆሙበት ቦታና የትኛው ግድግዳ ወደ ጎረቤት እንደሆነ ይታይ። ላክልኝና ቱቦው በየት በኩል ቢዘረጋ እንደሚሻል መስመሩን አመለክትልሃለሁ።